ኮምፒዩተር ሳይጠፋ ቢያድር ይጎዳል?

ባለፈው ሳምንት አንድ የመርሳ ልጅ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ዴስክቶፕ ገዝቼ ቤት አስገባሁ። ሌሊቱን ሳላጠፋው ባሳድረው ይጎዳል ይሉኛል፣ እውነት ነው?» «አይጎዳም» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። «ይጎዳል» ብዬ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። ይሄ ጥያቄ ለእኔ የቆየ ቁስል ያለበት ስለሆነ በአንድ መስመር አልመለስ አለኝ። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ታገሡኝ።

ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት መርሳ ላይ፣ አጎቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው 1998 ዓ.ም። ደሴን ከወልድያ በሚያገናኘው ዋና መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ናት። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በቃ። ከግራናም ከሊብሶም ከውርጌሳም የመጣ ሰው ማመልከቻ ያስጽፋል፣ ሳዑዲ ለመሄድ የተነሳ ወጣት ፓስፖርቱን ኮፒ ያስደርጋል፣ ተማሪ ወርክሺት ያባዛል። አጎቴ ከዚያ በፊት የናፍጣ ወፍጮ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ኮምፒዩተሩንም የሚያየው በወፍጮ ዓይን ነበር። ማታ ሥራ ሲያልቅ ይዘጋዋል፣ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ከዚያ ሚስቱ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ያለብሰዋል። «ወላሂ፣ ዕረፍት ያላገኘ ዕቃ ይነዳል» ይለኛል። ሲፒዩው ገና ትኩስ ነው፤ ዳንቴሉ ደግሞ ከኋላ ያለውን የአየር ማውጫ ጭምር ይሸፍነዋል። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ያኔ ግን የሃይማኖት ያህል ነበር። የዚያን ዘመን የወረዳ ቢሮዎችን ያየ ሰው ዳንቴሉን ያውቀዋል፤ የኮምፒዩተሩ ልብስ ከባለሙያው ልብስ ይነጣ ነበር።

ወልድያ ኮሌጅ ስገባ አስተማሪያችን ተቃራኒውን ነገረን። «ኮምፒዩተር የሚጎዳው ሲሠራ አይደለም፣ ሲነሳ ነው። እንዳታጠፉት።» ቅዳሜ መርሳ ወርጄ ይሄንን ለአጎቴ ስነግረው በዝምታ አየኝና ዳንቴሉን አለበሰው።

ሁለቱም ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ሁለቱም የየራሳቸውን ማሽን ነበር የሚያወሩት። ጉዳዩን ወደ ኋላ ሄጄ ሳነበው የገባኝ ይሄ ነው፤ «አጥፋ» የሚለውም «አታጥፋ» የሚለውም ምክር ከአንድ ዘመን ዕቃ ተወልዶ፣ ዕቃው ሲሞት ምክሩ ብቻውን በሕይወት የቀረ ነው።

«አታጥፋ» ከሚለው እንጀምር። አሜሪካኖች በጦርነቱ ጊዜ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ያሳዩት ኤኒያክ የሚባል ኮምፒዩተር ነበር፤ ክፍል የሚሞላ ማሽን ነው። ውስጡ ወደ 18,000 የሚጠጉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሩበት፤ የድሮ ራዲዮ ጀርባውን ከፍታችሁ ካያችሁ እነዚያን ቀይ የሚበሩ ጠርሙሶች ታስታውሳላችሁ። ቱቦ እንደ አምፖል ነው። አምፖል ደግሞ መቼ እንደሚቃጠል ሁላችንም እናውቃለን፤ ማብሪያውን ጠቅ ስናደርግ፣ ቷ ብሎ። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ በቀዘቀዘበት ሰዓት ኤሌክትሪክ በብዛት ስለሚያሳልፍ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ከሁሉም ትከብደዋለች። የኤኒያክ ሰዎችም ቱቦዎቹ በብዛት የሚሞቱት ማሽኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑን ሲያዩ መፍትሔያቸው ቀላል ሆነ፤ አለማጥፋት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1947 ጀምሮ እስከ ጥቅምት 2 ቀን 1955፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ እስከጠፋ ድረስ፣ እንደበራ ኖረ ማለት ይቻላል። እንዲያም ሆኖ አንድም ብልሽት ሳይገጥመው በተከታታይ የሠራበት ረጅሙ ጊዜ 116 ሰዓት ነው፤ አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። የወልድያው አስተማሪያችን ምክር የልጅ ልጁ የዚህ ነው።

ቱቦው በትራንዚስተር ሲተካ ያ ምክንያት ሞተ። ቦታውን ሌላ ያዘው። በ80ዎቹና በ90ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) «አጥፋ» የሚለው የበላይ ሆነ፤ ዋናው ሰበብ ያ ከኋላው ሆዳም የሆነው ቴሌቪዥን መሳይ ስክሪን ነው። አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆመበት መስታወቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። የአጎቴ ስክሪን ጠፍቶም እንኳ ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት የጽሑፍ ፕሮግራሙ የላይኛው መስመር እንደ ጥላ ይታይ ነበር። ስክሪን ሴቨር የሚባለው፣ ያ ከዳር ዳር የሚላጋው ነገር፣ ለጌጥ ሳይሆን ለዚህ ነው የተፈጠረው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃው የገባው ፕላዝማ ቴሌቪዥንም ያው ጠባይ ነበረው። (ፕላዝማ ሲባል ያ ትውልድ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያስታውሰው፤ መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል፣ መብራት ሲመጣ መምህሩ ከሳተላይት ላይ ምዕራፉን ጨርሶ «ቻው» እያለ ነው።) ዛሬ ያለው ጠፍጣፋ ስክሪን ይሄ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ምክሩ ግን አለ።

ከዚያ ሃርድ ዲስክ። ይሄን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፣ የእኔ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የዱሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ። አንባቢው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሽክርክሪቱ በፈጠረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ክፍተቱ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ሳህኑ ሲቆም አየሩም ስለሚጠፋ ራሱ መውረድ አለበት። በብዙዎቹ አሮጌ ዲስኮች የሚያርፈው እዚያው ሳህኑ ላይ፣ ለማረፊያ በተተወች ጠባብ ቦታ ነው። ሲያርፍም ሲነሳም ትንሽ ይፋተጋል። ስለዚህ ዲስክን ሥራ አይጎዳውም፣ ማረፍና መነሳት ነው የሚያደክመው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን ተከታትሎ ያሳተመው ጥናት አለ። ሙቀት እንደተፈራው ያህል ገዳይ ሆኖ አልተገኘም። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ዲስኮች ግን ብዙ ጊዜ የጠፉና የበሩ ከሆነ የመበላሸት መጠናቸው ከ2 በመቶ በላይ ጨምሮ ታየ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ጠንቃቆች ናቸው፤ ምናልባት የታመመ ማሽን ለጥገና ደጋግሞ ስለሚጠፋ ይሆናል፣ ምክንያቱ ሳይሆን ውጤቱ ሊሆን ይችላል ብለዋል። እኔም ከዚያ አልፌ አልመሰክርም።

ለአጎቴም ትንሽ ልፍረድለት። ሙቀት የሚጎዳው ነገር አለ፤ ካፓሲተር። እናት ቦርዱ ላይና ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የቆሙት ትንንሽ በርሜሎች ማለቴ ነው። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፣ ቀስ በቀስ ይደርቃል። በሙያው ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። መርሳ ደግሞ ከወልድያ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፣ ማንጎ የሚበቅልበት አገር ነው፤ ፋኑ በአቧራ ታፍኖ ቀንም ሌሊትም የሚሠራ ማሽን እዚያ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ «ይነዳል» ያለው ከነጭራሹ ሐሰት አልነበረም። ሐሰቱ ዳንቴሉ ነው።

ከዕቃው ይልቅ ፕሮግራሙ እንደሚደክም ደግሞ ቆይቶ ነው የታወቀው። ዊንዶውስ 95 እና 98 ለ49.7 ቀን ያለማቋረጥ ከበሩ ይደርቁ ነበር። ሚሊ ሴኮንድ የሚቆጥረው ቆጣሪ 4,294,967,296 ላይ ሲደርስ ይሞላና ወደ ዜሮ ይመለሳል። ጉዱ የታወቀው ፕሮግራሙ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ወልድያ ላይ ቢሆን እስከ ዛሬም ባልታወቀ። መብራት 49 ቀን ሙሉ ሳይጠፋ የት አግኝተን! የሚያሳዝነውም አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 ሳዑዲ ዳህራን፣ ከደማም አጠገብ፣ ስንቱ የሐብሩ ልጅ ባለፈበት አካባቢ፣ የአሜሪካ ፓትሪየት ፀረ ሚሳይል ኮምፒዩተር ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰዓቱ በሴኮንድ ሲሶ ተዛባ። የመጣውን ሚሳይል ሳይመታው ቀረ፣ 28 ወታደሮች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ቦይንግ 787 አውሮፕላን ለ248 ቀን ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ከቆየ ጄኔሬተሮቹ በአንድ ጊዜ ሊጠፉ ይችላሉ ብሎ፣ በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ እንዲነሳ መመሪያ አወጣ። ይሄን አውሮፕላን ከአፍሪካ መጀመሪያ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው። ድሪምላይነሩም «አንዴ አጥፍተህ አብራው» ከሚለው ምክር አላመለጠም ማለት ነው።

እንግዲህ ፈረንጁ በዚህ ሁሉ ጉዳይ ላይ ሲከራከር አንድ ነገር እንደ ቀላል ይዞ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ነው። እሱ ካላጠፋው አይጠፋም። የእኛ ታሪክ እዚህ ላይ ይለያል። በ2001 ዓ.ም ግድቦቹ ውኃ አጠራቸውና አገሪቱ በፈረቃ መብራት ገባች፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። በ2002 ተከዜም፣ ግልገል ጊቤ ሁለትም፣ በለስም ተመረቁ፣ እፎይ አልን። በ2011 ደግሞ ፈረቃው ተመለሰ። ፈረቃ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለኮምፒዩተር ያን ያህል ጠላት አልነበረም። ሰዓቱን ታውቀዋለህ፣ ቀድመህ ታጠፋለህ። ጠላቱ ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ነው። ነፋስ ሲነሳ፣ ክረምት መብረቅ ሲበዛ፣ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ መብራቱ ይደክማል፣ ይሄዳል፣ በሁለት ሴኮንድ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል።

አሁን ወደ እኔ። 2004 ዓ.ም፣ ወልድያ። ዩኒቨርሲቲው የተከፈተበት ዓመት ነው፤ ከተማው በአዲስ ተማሪ ተሞልቶ እኔ አንዲት ጠባብ ክፍል በስንት ልመና ተከራይቼ ነበር። 80 ጊጋ ዲስክ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። ኢንተርኔቱ ቀን ቀን አይንቀሳቀስም፣ ሌሊት ግን ይሻላል፤ ስለዚህ ፋይል አስጀምሬ እተኛለሁ። ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ያድራል። አከራዬ እትዬ «ልጄ፣ ቆጣሪው እኮ አይተኛም» ይሉኛል፣ እኔ «ምንም አይበላም» እላለሁ። (ይበላል። 100 ዋት የሚወስድ ማሽን ወሩን ሙሉ ሲበራ 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። እትዬ ትክክል ነበሩ፤ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ።)

አባቴ ከዚያ ዓመት ቀድሞ ነው ያረፈው። ከመሞቱ በፊት ግን ሦስት ሰዓት የሚሆን ድምፁን በስልኬ ቀድቼው ነበር። ስለ 66ቱና ስለ 77ቱ ድርቅ ነው የሚያወራው። በተለይ በ77 ከመንደራችን ለሰፈራ ወደ ወለጋና ኢሉባቦር የተጫኑትን በየቤቱ፣ በየስማቸው እየጠራ ነው የነገረኝ፤ ማን ከነልጆቹ ሄደ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ፣ ማን በእግሩ ተመለሰ። ስልኩ ሲሞላብኝ ወደ ኮምፒዩተሩ ገልብጬ ከስልኩ አጠፋሁት። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ፍላሽ ነበረኝ፤ ፊልም ሞልቼበት ነበር።

አንድ ሌሊት ነሐሴ ላይ ዝናብ እየዘነበ ተኝቻለሁ። በእንቅልፍ ልቤ «ቢፕ» የሚል እሰማለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚያሰማት ድምፅ ናት። መብራት ይሄዳል፣ ጨለማ፤ ይመጣል፣ ቢፕ። ይሄዳል፤ ይመጣል፣ ቢፕ። አምስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ተነስቼ ሶኬቱን መንቀል ስችል ብርዱን ጠልቼ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት። ጠዋት ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ከሲፒዩው ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ራሱ ሄዷል» አለኝ። ለአጎቴ ስደውልለት መጀመሪያ «አልነገርኩህም ነበር? ሳታጠፋው እያደርክ!» አለኝ። ከዚያ ዲስኩ ላይ ምን እንደነበረ ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። የሞተው ወንድሙ ነው። በመጨረሻ «አብሽር» ብሎ ዘጋው።

ለዓመታት የአባቴን ድምፅ ያጠፋሁት ኮምፒዩተሩን ሳላጠፋ በማደሬ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ። አሁን ግን እንደዚያ አይመስለኝም። እንደሚመስለኝ እንዲህ ነው። እናት ቦርዱ ላይ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ራስህ ተነስ» የሚል ማስተካከያ አለ። እኔ ነኝ ያበራሁት፣ ፋይሉ እንዳይቋረጥብኝ። ያንን ባላደርግ ኖሮ መብራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ማሽኑ ጠፍቶ እስከ ጠዋት በሰላም ይተኛ ነበር። እኔ ግን በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ አስነሳሁት። ሲሄድ ራሱ በድንጋጤ ያርፋል፣ ገና ሳህኑ ፍጥነቱን ሳይይዝ መብራቱ ደግሞ ይሄድበታል።

ፓወር ሰፕላዩም ቢሆን ለዚህ አልተሠራም። በብዙዎቹ መግቢያ ላይ አንዲት ትንሽ ዘበኛ አለች፤ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን ታግዳለች፣ ስትሞቅ ታሳልፋለች። ጠዋት ስታበራው ቀዝቃዛ ስለሆነች የመጀመሪያውን ጎርፍ ትገድበዋለች። መብራቱ ሄዶ በሁለት ሴኮንድ ከተመለሰ ግን ዘበኛዋ ገና ትኩስ ናት፣ ጎርፉ እንዳለ ይገባል። መብራቱ የሚመለሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከልኩ በላይ ሆኖ ነው፤ 220 የተባለው የት እንደሚደርስ አምፖሎቻችን ያውቁታል። ለዚህ ነው መብራት ሲሄድ ሶኬት የሚነቅሉት እናቶቻችን ከኮሌጁ አስተማሪዬ የተሻሉ መሐንዲሶች የሆኑት።

ጠፍቶ መቀመጥም የራሱ ጣጣ አለው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ቤተሰቤን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ፣ ከደሴም ወደ አዲስ አበባ። ታኅሣሥ 2014 ተመልሰን ስንገባ ሆስፒታሉም ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፎ ከተማው በጨለማ ነበር። የእኔም ቤት ላፕቶፑ የለም፣ አሮጌዋን ሲፒዩ ግን ማንም አልፈለጋትም፣ ጥጓ ላይ ቆማለች። መብራት ሲመለስ አበራኋት። ተነሳች! ሰዓቷ ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2002 ይላል። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም መሳይ ባትሪ ሶኬቱ ተነቅሎ በቆየባቸው ወራት አልቃለች። ያ ሁሉ ወር እንዳልነበረ ሆኖ እሷ ዘንድ አዲስ ዓመት ነው። ትንሽ ቀናሁባት።

እንግዲህ ለመርሳው ልጅ። ወንድሜ፣ መብራቱ የማይወላውል ቢሆን፣ ፋኑን አቧራ ካጸዳህለት፣ እንደበራ ቢያድር ምንም አይለውም፤ በወር አንድ ሁለቴ አጥፍተህ ታነሳዋለህ፣ በቃ። እኛ ዘንድ ግን ዩፒኤስ ከሌለህ ማታ አጥፋና ንቀል፤ ማሽኑ ዕረፍት ስለሚያስፈልገው አይደለም፣ ሌሊት ሲነሳና ሲወድቅ እንዳያድር ነው። ያንን «ራስህ ተነስ» የሚለውን ማስተካከያ ግባና አጥፋው። ዩፒኤስ ካለህ ወይም ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ስሊፕ አድርገው። ስሊፕ ማለት እናትህ ማታ ፍሙን በአመድ እንደምታዳፍነው ነው፤ እሳቱ አልጠፋም፣ እንጨትም አይበላም፣ ጠዋት ገለጥ አድርገህ እፍ ትለዋለህ። ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ስሊፕ ላይ ካለ ግን መብራቱ ሲሄድ የተዳፈነውም ይጠፋል፤ ያላስቀመጥከው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ዳንቴል ካለህ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ አድርግለት።

ዲስኩ አሁንም እኔ ጋ ነው። ከወልድያ ስንወጣ ከያዝኳቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ነበር፣ በካልሲ ጠቅልዬ፤ ባለቤቴ «የሞተ ብረት ተሸክመህ ልትሄድ ነው?» ብላኝ ነበር። አዲስ አበባ ያሳየሁት ባለሙያ ሳህኑ ደኅና ከሆነ ከተመሳሳይ ዲስክ ላይ ራሱን አውጥቶ መግጠም ይቻላል ብሎኛል፤ ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። 80 ጊጋ፣ ባለ ሰፊው ኬብል፣ አይዲኢ፣ ከ1997 እስከ 2000 ዓ.ም አካባቢ የገባ። በወልድያም በመርሳም በኡርጌሳም ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ጓዳ የተጣለ አሮጌ ሲፒዩ ካለ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጻፉልኝ። የተለጠፈበትን ወረቀት ፎቶ ብትልኩልኝ ይበቃኛል። አጎቴም እየጠበቀ ነው፤ ሰማንያ ሊደፍን ትንሽ ቀርቶታል፣ እስከ ዛሬም ማታ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «አጥፍተኸዋል?» ብሎ ነው።